ለጕልበት የሚሆን ስፍራ

በእነዚህ ገጾች ላይ ስለ አገር ዕድገት፣ ስለ ፍልስፍናና ስለ ፍቅር የሚጽፉ ወንድሞችና እኅቶች ሞልተዋል። እኔም ከነርሱ ጋር ብሰለፍ ደስ ባለኝ ነበር። ነገር ግን ሰው የሚጽፈው ስለሚያመው ነገር ነውና እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ ጕልበቴ ነው። ጕልበት ስል የጀግንነቱን ማለቴ አይደለም፤ በጭንና በቅልጥም መካከል ያለውን፣ ከአሮጌ ቮልስዋገን መሪ ሥር ገብቶ መውጫ ያጣውን ጕልበት ማለቴ ነው።

ቍመቴ 1 ሜትር ከ91 ሳንቲ ሜትር ነው። በግቢያችን ስታገኙኝ «ላይኛው አገር ዝናብ አለ ወይ?» እያላችሁ የምትጠይቁኝ ሁሉ ይህን ታውቃላችሁ። ረጅም መሆን ከሩቅ ሲያዩት ጸጋ ይመስላል፤ ለባለቤቱ ግን ዕለት ዕለት የሚከፍለው ግብር ነው። የመኝታ ቤቱ ተደራራቢ አልጋ ለእግሬ ያጥራል፤ የትምህርት ክፍሉ ወንበር ጕልበቴን ከጠረጴዛው ጋር ያጋጨዋል፤ በሚኒባስ ስሄድ አገጬ ከደረቴ ሳይነሣ እደርሳለሁ። ይህን ሁሉ ጐንበስ ብዬ ችዬዋለሁ። መኪና መንዳት ግን ጐንበስ በማለት የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ ሰው በሾፌር ወንበር ላይ ሲቀመጥ የራሱን ብቻ ሳይሆን የተሳፋሪውንና የመንገደኛውን ነፍስ በእግሩ ጫፍ ይዞ ነውና።

መኪናዋ የአባባ ናት። የእናቴ አባት ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የመንግሥት ሠራተኛ ሳሉ በ1957 ዓ.ም. አዲሷን ገዙ። ባለ 1200 ሞተር ናት፤ 34 የፈረስ ጕልበት አላት፤ ለሁለት የሰው ጕልበት ግን ስፍራ አልነበራትም። አባባ አጭር፣ ደልደል ያሉ ሰው ነበሩ። መኪናዋን የሚነዱት ደረታቸውን ወደ መሪው አስጠግተው፣ ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ነበር። ካረፉ ሦስት ዓመት ሆናቸው፤ ያን ጊዜ ሁሉ መኪናዋ በአንሶላ ተሸፍና ከግቢው ጥግ ቆመች።

ባለፈው ዓመት ግን የእማማ ጕልበት ታመመ። (እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህ ጽሑፍ የሁለት ሰው ጕልበት ታሪክ መሆኑን ከወዲሁ ዕወቅልኝ።) በወር ሁለት ጊዜ ሐኪም ቤት መሄድ አለባቸው፤ ቀኝ እግራቸው እንደ ልብ አይታጠፍም፤ በታክሲ ሰልፍ መቆም አይችሉም፤ የኮንትራት ታክሲው ዋጋ ደግሞ የእናቴን ደመወዝ ይነክሳል። አጎቴ መኪናዋ እንድትሸጥ ፈለገ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ በኋላ አሮጌ መኪና ፈላጊው በዝቷል፣ ገንዘቡ ለእማማ ሕክምና ይሁን አለ። ክፉ ሐሳብ አልነበረም። እማማ ግን «እኔ በሽያጭ ገንዘብ ሳይሆን በመኪናዬ ሐኪም ቤት ልሂድ» አሉ። ከብዙ ክርክር በኋላ የቤተ ዘመድ ስምምነት ተደረገ፤ ከቤቱ ሰው አንዱ እስከ መስከረም ድረስ መኪናዋን በደኅና ሊነዳት ከቻለ ትቀራለች፣ ካልቻለ ትሸጣለች። መንጃ ፈቃድ ያለኝ እኔ ብቻ ነበርሁ።

የመጀመሪያው ቀን አስተማረኝ። ፍሪሲዮን ለመርገጥ ግራ እግሬን ባነሣሁ ቍጥር ጕልበቴ የመሪውን ክብ ይገፋል። ቀኝ እግሬን ከነዳጅ ወደ ፍሬን ለማዛወር ጕልበቴን ወደ ጐን አጥፌ ከመሪው ሥር ማውጣት ነበረብኝ። ይህን ወዲያው በወረቀት ላይ አሰላሁት። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ ከ11 ሜትር በላይ ይጓዛል። እግሬ በመሪው ምክንያት ግማሽ ሴኮንድ ቢዘገይ መኪናዋ ከ5 ሜትር በላይ ያለ ፍሬን ትሄዳለች ማለት ነው። አምስት ሜትር በትምህርት ቤት በር ፊት ምን ያህል መሆኑን ለናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ስለዚህ መኪናዋን ከግቢ ሳላወጣ ቍልፉን ለእናቴ መለስሁና መለኪያ ሜትር ገዛሁ።

ለመሆኑ ይህች መኪና በማን ልክ ተሠራች? ፌርዲናንድ ፖርሼ የነደፋት ለአንድ ተራ የጀርመን ቤተ ሰብ ነው። የፋብሪካው መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1938 ሲሆን በብዛት መሠራት የጀመረችው ግን ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1945 መጨረሻ፣ አይቫን ኸርስት በሚባል እንግሊዛዊ መኰንን አስተባባሪነት ነው። በየካቲት ወር 1972 እ.ኤ.አ. በቍጥር የፎርድን ታዋቂ ሞዴል ቲ አለፈች። የመጨረሻዋ በሐምሌ 2003 እ.ኤ.አ. ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ ስትወጣ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተው ነበር። ሃያ አንድ ሚሊዮን ወንበር ለሃያ አንድ ሚሊዮን ሰው አንድ በአንድ ሊለካ አይችልም። ነዳፊው አንድ «መካከለኛ ሰው» በሐሳቡ ይዞ መሥራት ግድ ይሆንበታል።

ችግሩ ግን ያ መካከለኛ ሰው በዓለም ላይ አለመኖሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 የአሜሪካ አየር ኃይል ለአውሮፕላኖቹ የአብራሪ ወንበር ልክ ለማግኘት ብሎ ከ4,000 በላይ አብራሪዎችን አስለካ። ከለኪዎቹ አንዱ ጊልበርት ዳንኤልስ የተባለ ወጣት ነበረ። ይህ ሰው የ4,063 አብራሪዎችን ልክ ወስዶ አሥር ዋና ዋና መጠኖችን፣ ቍመትን፣ ደረትን፣ የእጅን ርዝመትንና የመሳሰሉትን መረጠና፣ በአሥሩም መካከለኛ የሆነው ስንት ሰው እንደ ሆነ ፈለገ። አንድም አልተገኘም። እጁ መካከለኛ የሆነው እግሩ ረዘመ፤ እግሩ መካከለኛ የሆነው ወገቡ ሰፋ። ለመካከለኛው ሰው የተሠራው ወንበር ለማንም የማይሆን ወንበር ሆኖ ተገኘ። ከዚህ የተገኘው ትምህርት ሰውን ለወንበሩ ከመምረጥ ይልቅ ወንበሩን ወደፊትና ወደኋላ፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስ ማድረግ ይሻላል የሚል ነው። እኔም ይህን ካነበብሁ በኋላ የእግሬ ርዝመት ጥፋት ነው ማለቴን ተውሁ።

እንግዲህ ወደ ሥራው ልግባ። ሰፈራችን ውስጥ ዕድሜውን ሁሉ ቮልስ ሲሠራ የኖረ አንድ መካኒክ አለ። ሁላችንም ጋሼ እንለዋለን። መኪናዋን ሲያያት እንደ ጥንት ወዳጅ ሳማት። ከዚያም እኔን ከእግር እስከ ራስ አየኝና «አንተን ከማሳጠር እርሷን ማስረዘም ይሻላል» አለ።

መጀመሪያ ያደረገው ነገር መሰርሰሪያ ማንሣት አልነበረም፤ ወንበሩን ማውጣት ነበር። «አዲስ ስፍራ ከመፈለግህ በፊት የጠፋውን ስፍራ ፈልግ» አለኝ። እውነቱን ነበር። የሾፌሩ ወንበር ወለሉ ላይ በተጠበቁ ሁለት ሐዲዶች ላይ ይንሸራተታል። ከሐዲዱ በስተኋላ አንድ የእንጨት ጕማጅ በሽቦ ታስሮ ነበር፤ 5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። አባባ ወንበራቸው ወደ ኋላ እንዳያመልጥ በገዛ እጃቸው ያደረጉት ነው፤ በላዩ ላይ የቀኑ ቍጥር በእርሳስ ተጽፎበት ነበር። ከመደገፊያው ጨርቅ ውስጥ ደግሞ ሌላ ትራስ ተሰፍቶ ገብቶ ነበር፤ ውፍረቱ 4 ሳንቲ ሜትር። ሁለቱ ሲደመሩ 9 ሳንቲ ሜትር ሆኑ። መኪናዋ ለካ ለእኔ ጠባ የተሠራች አልነበረችም፤ ለአባባ ተስተካክላ ነበር እንጂ። ጕማጁን እናቴ ተቀብላኝ አጥባ በመደርደሪያ ላይ አኖረችው።

ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ብዙ ነው። ነገር ግን ሞክሬ ስቀመጥ ግራ ጕልበቴ አሁንም መሪውን ይነካ ነበር። ጋሼ ለትክክለኛ አቀማመጥ ሦስት ፈተና አለው፤ መንጃ ፈቃድ ስታወጡ ይጠቅማችኋልና ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻ ስትረግጡ ጀርባችሁ ከመደገፊያው ሳይለቅ ጕልበታችሁ ጥቂት እንደ ታጠፈ መቅረት አለበት፤ እግር ፍጹም ከተዘረጋ ኃይል የለውም። ሁለተኛ፣ ትከሻችሁ ከመደገፊያው ሳይነሣ የእጃችሁ አንጓ በመሪው አናት ላይ ማረፍ አለበት። ሦስተኛ፣ መሪው ወደ ማናቸውም ወገን ተጠምዝዞ ሳለ እግራችሁ ከነዳጅ ወደ ፍሬን ያለ እንቅፋት ማለፍ አለበት። እኔ አንደኛውንና ሁለተኛውን አለፍሁ፤ በሦስተኛው ወደቅሁ። ፈተና መውደቅ ለተማሪ እንግዳ ነገር አይደለምና መልመጃችንን ቀጠልን።

የጋሼ ረዳት የሆነው ልጅ «ፔዳሎቹን ወደ ፊት ብንገፋቸውስ?» አለ። የፔዳሎቹ ማቆሚያ ላሜራ ብሎኑ ሲላላ ይንቀሳቀሳልና ነገሩ ቀላል ይመስላል። ጋሼ ግን ተቈጣ። ምክንያቱን ያስረዳኝ ከብዙ አስተማሪ በተሻለ ሁኔታ ነው። በቮልስ የፍሬኑ ፔዳል ሲለቀቅ በገፊው ዘንግና በዋናው የፍሬን ሲሊንደር ፒስተን መካከል 1 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት መኖር አለበት። ያ ክፍተት ከጠፋ ፒስተኑ ወደ ቦታው አይመለስም፤ የተጫነው ዘይትም ወደ ዕቃው መመለሻ ያጣል፤ ፍሬኑ ሳይረገጥ ይይዛል፣ ይሞቃል። «ለእግርህ 2 ሳንቲ ሜትር አገኘሁ ስትል ፍሬንህን ታጣለህ» አለ ጋሼ። ፔዳሎቹ ባሉበት ቀሩ።

ሁለተኛው ሐሳብ መሪውን በትንሽ መሪ መለወጥ ነበር። በገበያ የሚሸጥ አለ፤ ለጕልበትም ስፍራ ይሰጣል። ነገር ግን የመሪ ክብ ባነሰ መጠን ለመጠምዘዝ የሚያስፈልገው ኃይል ይበዛል። ከዚያም በላይ የመጀመሪያው መሪ የአባባ እጅ ያለሰለሰው ነው፤ እማማም «እርሱን አትንኩ» ብለው ነበር። ይህም ቀረ።

ሦስተኛው የመቀመጫውን ትራስ ማሳነስ ነው። የሞላዎቹ ሽቦ ባለበት ሆኖ በላዩ ያለው ያረጀ ሙሊት ወጣና ስስ ስፖንጅ ገባ። 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አልሁ፤ ጭኔ ከመሪው ተላቀቀ። ከዚህ በታች መውረድ አይገባም፤ ወንበር ሲወርድ ዓይንም አብሮ ይወርዳልና ሾፌሩ ኮፋኖውን እንጂ መንገዱን አያይም። ጭንም ከሥሩ ድጋፍ ካጣ በረጅም መንገድ ይዝላል። ስለዚህ የፊቱ ጠርዝ እንዳለ ተትቶ የኋላው ብቻ ዝቅ ተደረገ።

የቀረው የመጨረሻው መንገድ ሐዲዱን ማስረዘም ነበር። ዋናው ችግር የተነሣው እዚህ ላይ ነው። ጋሼ ሐዲዱን ወደ ኋላ 8 ሳንቲ ሜትር ሊያስረዝምልኝ ይችል ነበር። በዚያ እንደ ንጉሥ እግሬን ዘርግቼ እነዳ ነበር። ነገር ግን መኪናዋ በ8 ሳንቲ ሜትር አትረዝምም። ከፊተኛው ጐማ እስከ ኋለኛው ጐማ መካከል ያለው 2 ሜትር ከ40 ነው፤ ትናንትም ያው ነበር፣ ነገም ያው ነው። እኔ ወደ ኋላ የምወስደው እያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ከኋላዬ ከሚቀመጠው ሰው የሚወሰድ ነው።

ከኋላዬ የምትቀመጠው ታናሽ እኅቴ ናት፤ ዕድሜዋ 11 ነው። እማማ ከፊት በቀኝ ይቀመጣሉ፤ እግራቸው እንዲዘረጋ ያ ወንበር እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ይሄዳልና ከርሳቸው ኋላ ሰው መቀመጥ አይችልም። ስለዚህ የቀረው የእኅቴ ስፍራ ብቻ ነው። እንድትቀመጥ አድርጌ ለካሁ። ከጕልበትዋ እስከ ወንበሬ ጀርባ 11 ሳንቲ ሜትር አለ። እርሷ የሜትሩን ጫፍ ይዛልኝ፣ ቍጥሩን እየቈጠረች ዝም ብላ ቆየችና «ወንድም ዓለም፣ እኔም እኮ እያደግሁ ነው» አለችኝ።

ይህን ቃል ያለችው ያለ ክስና ያለ ቅሬታ ነው። እኔ ግን ያን ሌሊት ሳስብበት አደርሁ። በዩኒቨርሲቲያችን ስለ ድርሻና ስለ ፍትሕ ስንት ጊዜ እንከራከራለን! ክርክሩ በአዳራሽ ሲሆን ቀላል ነው፤ ከባድ የሚሆነው ድርሻው በሳንቲ ሜትር ሲለካና ባለ ድርሻዋ ፊትህ ቆማ ሜትሩን ስትይዝልህ ነው። ትልቅ የሆነ ሰው ብዙ ስፍራ ያስፈልገዋል፤ ይህ እውነት ነው። ታናሹ ስፍራውን ሳይጠየቅ ይለቃል፤ ይህም በየቤቱ የሚታይ ልማድ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የሚከተል መሆኑን ግን ማንም አላረጋገጠም።

በማግሥቱ ለጋሼ «4 ሳንቲ ሜትር ብቻ» አልሁት። የሚቀረውን ደግሞ ከገዛ ወንበሬ እንፈልግ አልሁ። ወንበር አልባሹ የመደገፊያዬን ውስጥ ከወገብ በላይ አሳሳው፤ ከኋላው በኩል ደግሞ ለእኅቴ ጕልበት እንዲሆን ጐድጐድ አደረገው። በዚህ ሁለታችንም ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር አገኘን፤ ከማንም ሳንወስድ፣ ከሙሊቱ ብቻ። ከዚያ በኋላ ሦስተኛውን ፈተና አለፍሁ።

ስለ ብየዳው አንድ ነገር መጨመር አለብኝ፤ ከናንተ መካከል አሮጌ መኪና ያለው ሰው እንዲህ ያለ ሥራ ቢያስብ ይጠቅመዋል። የቮልስ ወለል ስስ ላሜራ ነው፤ ወንበር ያለ ማጠናከሪያ ከተበየደበት በግጭት ጊዜ ከነሾፌሩ ይነቀላል። ጋሼ ዝገቱን ፍቆ ካጣራ በኋላ ከሐዲዱ ሥር ወፍራም ብረት አነጠፈ፤ በመጨረሻውም ወንበሩ ከሐዲዱ እንዳይወጣ ማገጃ አደረገ። በመካከል የሚያልፈው ጕብታ ፈጽሞ አይበሳም፤ በውስጡ የፍሪሲዮን፣ የነዳጅ መስጫና የእጅ ፍሬን ገመዶች፣ የማርሹ ዘንግና የቤንዚን ቧንቧ ያልፋሉ። ብየዳ ከመጀመሩ በፊት ባትሪው ይፈታል። ባትሪው ያለው ከኋላው መቀመጫ ሥር በቀኝ በኩል ነው፤ ክዳኑ ከጠፋ የመቀመጫው ሽቦ ከባትሪው ራስ ጋር ተነካክቶ እሳት ያስነሣል። የኛ ክዳን ጠፍቶ ስለ ነበረ በወፍራም ጐማ ሸፈንነው።

በመጨረሻ ጋሼ «ከዚህ በኋላ አንተ ነህ የምትነዳት፤ ወንበሩን እዚሁ በይጄ ልጨርሰው? ጠንካራ ይሆናል፣ አይንቀጫቀጭም» ብሎ ጠየቀኝ። ለሥራው ቀላል፣ ለእኔም ምቹ ነበር። እኔ ግን ጥርሶቹ ሁሉ እንደ ነበሩ እንዲቀሩ፣ በተጨመረውም ሐዲድ ላይ ሌሎች ሁለት ማረፊያዎች እንዲወጡለት ለመንሁት። አባባ ለራሳቸው ሲያስተካክሉ እንኳ ጕማጁን ያሰሩት በሽቦ ነበር፤ ሚስማርም አልመቱበት፣ አልበየዱትም። ከርሳቸው በኋላ ሌላ እግር እንደሚመጣ ያሰቡ ይመስለኛል።

ከነሐሴ ጀምሮ እማማን በወር ሁለት ጊዜ ሐኪም ቤት አደርሳለሁ። አጎቴ በመስከረም መጥቶ አንድ ዙር ተሳፈረና ስለ ሽያጩ ዳግመኛ አላነሣም። ቦሎዋም ታድሷል። እማማ ስንሄድ ቀኝ እግራቸውን ዘርግተው «የኔ ልጅ፣ አንተስ ተመቸህ?» ይሉኛል፤ «ተመችቶኛል፣ እርስዎስ?» እላለሁ። ከኋላ ደግሞ «እኔንም ጠይቁኝ!» የሚል ድምፅ ይመጣል።

ጓደኞቼ ሆይ፣ እኛ ከዚህ ግቢ ስንወጣ ብዙዎቻችን በአንድ ወንበር ላይ እንቀመጣለን፤ በቢሮ፣ በትምህርት ቤት፣ በፍርድ ቤት። ወንበሩን ሌላ ሰው በራሱ ልክ አስተካክሎት እናገኘዋለን። በራሳችን ልክ ማስተካከላችን አይቀርም፤ ሊቀርም አይገባም፤ ጕልበቱ የታሰረ ሰው በጊዜው ፍሬን ሊረግጥ አይችልምና። ነገር ግን ከማስረዘማችን በፊት የጠፋውን ስፍራ እንፈልግ፤ ወደ ኋላ ስንገፋ ከኋላችን ያለው ማን እንደ ሆነ ዞር ብለን እንለካ፤ ሐዲዱንም አንበይደው። እናቴ አሁን መኪና መንዳት እየተማረች ነው። ቍመቷ 1 ሜትር ከ58 ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ስትለማመድ ወንበሩን ወደ ፊት እስከ መጨረሻው ጥርስ ታመጣዋለች፤ እኅቴም ከኋላ እግሯን ዘርግታ ትቀመጣለች።